እርሳስ የነካው እጅ

ባለቤቴ ታክሲ መንዳት ያቆመ ሰሞን የእኔ ሥራ እጥፍ ሆነ። ሰው መኪና በስልኩ መጥራት ከጀመረ ወዲህ ኤርፖርት ሰልፍ ይዞ መዋል ትርፉ የወገብ ሕመም ብቻ ሆነበትና፣ አንድ ቀን ታክሲውን ሸጦ ቤት ገባ። «በቃ፣ አረፍኩ» አለኝ። እሱ አረፈ፤ እኔ ግን ዕረፍቴን ያጣሁት ያን ቀን ነው።

ያኔ የልጅ ልጄን ነበር የምይዘው። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ልጃችን ደግሞ ከባሏ ጋር ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ። ወልዳ የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ሕፃኗን የሕፃናት ማቆያ፣ ዴይኬር አስገባታለሁ ስትል፣ እኔ በሕይወት እያለሁማ አይሆንም ብዬ የሆቴሉን የሃውስኪፒንግ ሥራ ተውኩት። ጠዋት ጠዋት ትልቁን የቀለበት መንገድ፣ ቤልትዌዩን ይዘን፣ ድልድዩን ተሻግረን እንሄዳለን፤ ሲመሽ እንመለሳለን። በቤታችን መኪና ሾፌሬ ባለቤቴ ነው። ችግሩ፣ እኔን ካደረሰ በኋላ የሚሄድበት የለውም። ቀኑን ሙሉ ልጃችን ቤት ሶፋ ላይ ተጎልቶ በስልኩ የአገር ቤት ፖለቲካ ያዳምጣል፤ ይናደዳል፤ ከዚያ ተነሥቶ ኩሽና ይመጣና የሽንኩርት አከታተፌን ያርማል። ዕድሜ ልኩን ያን ሽንኩርት በልቶ ትንፍሽ ያላለ ሰውዬ! ያን ዊንተር እንዴት ሳልጣላው እንዳለፈ እመብርሃን ናት የምታውቀው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልክደውም። ሚጣ፣ የልጅ ልጄን ሁላችንም ሚጣ ነው የምንላት፣ ምግብ የሚባል ነገር አትወድም ነበር። ማንኪያ ስታይ ከንፈሯን ግጥም ታደርጋለች። ዶክተሯ ክብደቷ አልጨመረም እያለች ልጃችንን ታሳቅቃታለች፤ ልጃችን ደግሞ መጥታ እኔን። እሱ ግን እንጀራውን በአልጫ አርሶ፣ በሦስት ጣቱ ሽምብራ የምታህል ጉርሻ ጠቅልሎ ሲዘረጋላት አፏን በልቅጣ ትጠብቀዋለች። ደግሞ ከሱ እጅ ብቻ ነው። እኔ ያንኑ እንጀራ፣ ያንኑ ወጥ፣ በዚያው መጠን ጠቅልዬ ባቀርብላት ፊቷን ታዞርብኛለች። ቀናሁ ወይ? አዎ፣ ቀንቻለሁ፤ ቢሆንም ልጅቱ ከበላች ከማንም እጅ ትብላ ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ክብደቷ ጨመረ፤ የልጃችንም ፊት ፈታ አለ።

ከልጃችን ቤት ፊት ለፊት ሚስታቸው የሞቱባቸው አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ይኖራሉ። ጋራዣቸው ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ መኪና ግን ገብቶበት አያውቅም። አንድ ቀን ከመኪናቸው ኋላ ባልዲ ለማውረድ ሲታገሉ በመስኮት አየሁና ባለቤቴን «ሂድ እስቲ፣ እርዳቸው» ብዬ ገፋሁት። እውነቱን ለመናገር ለሳቸው አዝኜ አይደለም፤ ከኩሽናዬ እንዲወጣልኝ ነው። ሄዶ በዚያው ቀረ። ሲመለስ እጁ ጠቁሯል፣ ፊቱ በርቷል። እንዲያ ሆኖ ካየሁት ስንት ጊዜ!

ባልዲው ሙሉ እርሳስ ነበር አለኝ። ጎሚስታዎች ጎማ ባላንስ ሲያደርጉ ቸርኬው ጠርዝ ላይ የሚሰኩት፣ ያገለገለና የተጣለ እርሳስ። ሽማግሌው እሱን አቅልጠው አረር ይሠሩበታል። ያን ዓመት ጥይት ከየሱቁ ጠፍቶ ነበር፤ ሰዉ አዲስ ሕግ ሊወጣ ነው ብሎ ያገኘውን ጠራርጎ ገዝቶ ሼልፉን ባዶ አስቀርቶታል። ዒላማ መተኮስ የሚወዱት ሰዎች ታዲያ የተኮሱበትን ቀለህ እየለቀሙ፣ ሥሩ ላይ ያለችውን መለኮሻ እየቀየሩ፣ ባሩድና አዲስ አረር እየሞሉ ያንኑ መልሰው መተኮስ ጀመሩ። ለሌላው አዲስ ነገር ነው፤ ሽማግሌው ግን ከወጣትነታቸው ጀምሮ የኖሩበት ነው። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ጋራዣቸው ትምህርት ቤት ሆነች።

«ጥይት? በዚህ ዕድሜህ?» አልኩት። አዲስ አበባ እያለ ጂኦግራፊ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ ጠመንጃ ያየው በዘበኛ ትከሻ ላይ ብቻ ነው። መተኮሱ አይደለም፣ ሥራው ነው ደስ የሚለው ብሎ መለሰልኝ። ይህን ለልጃችን ስትነግራት አይሃለሁ ብዬ በሆዴ ሳቅሁበት። ልጃችን የጦር መሣሪያ ስም ሲነሣ እንኳ አትወድም። ሲነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ ሁለት ነገር አለችው። አንደኛ፣ ጠመንጃ ቤቴ አይገባም። ሁለተኛ፣ ከዚያ ጋራዥ አንዳች ነገር ልጄ ጋ ከደረሰ በማግስቱ ዴይኬር ነው የማስገባት፤ እናንተም እንደ እንግዳ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታችሁ ታዩዋታላችሁ። እሺ አላት። እኔም እሺ አልኩ፤ ግን ቃሏ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ልጃችን በዋዛ አትናገርም። ሚጣ ከእጃችን ከወጣች ደግሞ ለእኔም ለሱም ምን ይቀረናል?

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ። ሪቨርዴል ፓርክ ጎሚስታ ቤት የሚሠራ የድሮ የታክሲ ጓደኛ አለው፤ ያገለገለውን እርሳስ ይሰበስብለታል። እሱ በባልዲ እየጫነ አሌክሳንድሪያ ያደርሳል። ለጋራዡ ሰዎች ዋና ሰው ሆነላቸው። ሐሙስ ሲደርስ ከንጋት ጀምሮ ያንጎራጉራል። ሽንኩርቴንም ረሳው። እሰይ አልኩ።

ልጃችን ሐሙስ ከቤት ነው የምትሠራው፤ ስለዚህ ሚጣ ስትተኛ አንድ ቀን እኔም ተሻገርኩ። ወሬ ለማየት ነው የሄድኩት፣ አልዋሽም። ብረት ለበስ ጎረምሶች ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ግን የሰንበቴ ማኅበር የሚመስል ስብስብ ነው። ሰማንያን ያለፉ፣ መነጽራቸው በክር የተንጠለጠለ ሴትዮ አሉ፤ ለካ በየውድድሩ እየሄዱ የሚተኩሱ ናቸው። አንድ ፀጉር አስተካካይ አለ። አንድ አባት ከትምህርት ቤት ከወጣች ልጁ ጋር ይመጣል፤ ልጅቷ ቀለህ በጨርቅ እየወለወለች ስለ ጓደኞቿ ታወራለች። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፣ ጥያቄው የማያልቅ። ሽማግሌው በመሐላቸው እየተዘዋወሩ ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ ይላሉ። ድምፃቸው ከፍ ሲል አልሰማሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ ድስት አለች፤ እርሳሱ እዚያ ይቀልጣል። ሲቀልጥ ጉድፉ ከላይ ይንሳፈፋል። ቁራጭ ሰም ጣል ይደረግበትና ይማሰላል፤ ይጨሳል፤ ቆሻሻው በጭልፋ ይገፈፋል። ከሥር የሚቀረው እርሳስ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ባለቤቴ ነገሩ ሰም መሆኑን ባወቀ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን የጧፍ ቁራጭ ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት፣ ዓይኔን አፍጥጬ ሳየው ቃሉን ዋጠ። ከዚያ የጠራው እርሳስ እጀታ ባላት፣ ለሁለት በምትከፈት የብረት ቅርጽ ውስጥ ይፈሳል። ትንሽ ይጠበቅና በእንጨት ኳ ተደርጋ ስትከፈት፣ አረሯ የታጠፈ ፎጣ ላይ ዱብ ትላለች፤ የብር ዶቃ ነው የምትመስለው።

ሽማግሌው ጓንትና መነጽር አድርገውልኝ እስቲ ሞክሪ አሉኝ። የመጀመሪያዎቹ እንደኔው ተጨማድደው ወጡ። ቅርጹ ገና ስላልሞቀ ነው፣ መልሺው አሉኝ። የተበላሸው ሁሉ ድስቱ ውስጥ ይመለሳል፣ ይቀልጣል፣ እንደገና ይፈሳል። ይሄ ነገር በጣም ደስ አለኝ። በዕድሜዬ የተበላሸ ነገር ጭቅጭቅ ሳይኖርበት እንዲህ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። ትንሽ ቆይቶ አንዷ ልስልስ ብላ ስትወድቅ ሴትዮዋ አጨበጨቡልኝ። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴን፣ ካንተ አረር የኔ ያምራል አልኩት። ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ በመኪና ውስጥ እንዲያ ስንሳሳቅ ድልድዩን እንዴት እንዳለፍነው አላስታውስም።

ታዲያ እኔ ባዶ እጄን ደጋግሜ የምሄድ ሰው ነኝ? አይደለሁም። አንድ ሐሙስ ከንጋት ጀምሬ ቀይ ወጡን፣ አልጫውን፣ ጎመኑን፣ አይቡን ሠርቼ፣ ትልቁ ትሪ ላይ እንጀራ ዘርግቼ፣ አሳምሬ ሸፍኜ ተሻገርኩ። ሽማግሌው በሩ ላይ ሲያዩኝ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ሁለት እጃቸውን አነሡ። አዝናለሁ፣ ምግብ እዚህ አይገባም አሉ። የቀልድ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ወደፊት አልኩ። ከበሩ አልተነቃነቁም።

ምግብ ይዞ የመጣን ሰው ከበር መመለስ! ከዚህ የባሰ ስድብ አለ? ደሜ ፈላ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንቱታዬን አነሣሁበት። ያ ሽማግሌ፣ ለባለቤቴ እያስረዳ ነው፤ እርሳስ የሚጎዳው በአፍ ሲገባ ነው ይለዋል። ብናኙ እጅ ላይ ይቀራል፣ ስለዚህ እዚህ አይበላም፣ አይጨስም፣ ፊት አይነካም። ሲወጡ በቀዝቃዛ ውኃና እርሳስ በሚያስለቅቀው በተለየው ሳሙና እስከ ክርን መታጠብ ነው። ይህን እያለ ትሪዬን አየና፣ በእጃችሁ የምትበሉ ከሆነማ እናንተ ከኛ ሁለት እጥፍ መጠንቀቅ አለባችሁ ብሎ ጨመረ። እኔ የሰማሁት ግን በእጃችን መብላታችንን ሲያንቋሽሽ ነው። ትሪዬን ይዤ ዞርኩ። ጋራዡ ቢቃጠል አልሄድም አልኩ፤ አልሄድኩምም።

ባለቤቴ መሐል ላይ ሆኖ ሁለታችንንም ሊያስታርቅ ሞከረ። ለኔ፣ ፈረንጅ ሲጠነቀቅ ልክ የለውም፣ ተይው፣ ክፋት የለበትም አለኝ። ለሱ ምን እንዳለው አላውቅም። ብቻ ሲታጠብ እንደ አገሩ ነው የሚታጠበው። ማዕድ እንደሚቀርብ ሰው ጣቶቹን ውኃ ያስነካል፣ ሁለቴ ያራግፋል፣ በፎጣ ያደርቃል፤ አለቀ። የተለየው ሳሙና ሽታው ደስ አይልም ብሎ የጋራዡን ቧንቧ ያልፈዋል። መንገዱን ተሻግሮ ይመጣና በኩሽናው ቧንቧ እንዲያ ታጥቦ ሚጣን አንሥቶ ይስማታል፤ ጣቱን ጨብጣ ቤቱን ስታዞረው ትቆያለች፤ ከዚያ ራቷን በዚያው እጁ ያጎርሳታል። እናቷ ፎቅ ላይ ሆና ስትስቅ ትሰማታለች። ደግ ጊዜ ነበር፤ ለሁላችንም።

ሚጣ ዓመት ተኩል ሲሞላት ልጃችን ለቼክአፕ ወሰደቻት። ዶክተሯ ቤተሰብ ውስጥ ከእርሳስ ጋር የሚሠራ ሰው አለ ወይ ብላ ስትጠይቅ ልጃችን አባቷ የሚሄድበት ጋራዥ ትዝ አላት። ጣቷን ወጋ አድርገው መረመሯት፤ ውጤቱ እዚያው ወጣ። እርሳሱ ከፍ ብሏል። ከክንዷ ሌላ ደም ቀዱ፤ እርግጠኛው እሱ ነው፣ ላብራቶሪ ሄዶ እስኪመለስ ጠብቁ ተባለች።

ቤት ስትገባ ሕፃኗን አቅፋ፣ የመኪና ቁልፏን በእጇ እንደያዘች ነበር። አባቷ ምሳዋን ለመስጠት ተነሣ። አትንካት አለችው፣ በእንግሊዝኛ። ስትናደድ አማርኛው ይጠፋታል። ቆማ ነገረችን። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሁለተኛው ውጤት እስኪመጣ ምግቧን እንዳይነካ፣ እንዳያነሣት፤ ውጤቱ እንደ መጀመሪያው ከሆነ ደግሞ ሰኞ ዴይኬር ትገባለች፣ ነግሬያችሁ ነበር አለች። ምን ብዬ ልሟገታት? ልጇ ናት። ስለ እርሳስ የሰማሁት ነገር ሁሉ ባንዴ መጣብኝ፤ ልጅን ያፈዝዛል፣ አእምሮዋን ይነካል የሚሉትን። ይቺ ገና ሁለት ቃል ያልገጣጠመች ልጅ።

ባለቤቴ ወጣ። በመስኮት ሳየው መንገዱን ተሻግሮ ጋራዡ ውስጥ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ተከታትለው መጡ፤ ሽማግሌው ኮፍያውን በእጁ ይዟል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ትንሽ ጥቅል ይዞ ነበር። ውስጡ ጫፋቸው ጥጥ የሆነ ዘንጎች አሉ፤ እርሳስ ያለበትን ነገር ሲነኩ ይቀላሉ። ባለቤቴን በኩሽናው ቧንቧ ሁልጊዜ እንደምትታጠበው ታጠብ አለው። ታጠበ። ጣቶቹን አስነካ፣ አራገፈ፣ አደረቀ። ሽማግሌው ዘንጉን በመዳፉና በጣቶቹ መሐል አሸው።

ጥጡ ቀላ። ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ደም መሰለ።

ባለቤቴ ሦስቱን ጣቶቹን ገጥሞ፣ ጉርሻ እንደያዘ ሰው፣ ያያቸው ነበር። «በዚህ እጅ ነው ያጎረስኳት» አለ። ለማንም አልነበረም የተናገረው። ልጃችን ፊቷን አዞረች።

እኔንም ፈተነኝ። ነጭ። ጋራዡን አኩርፌ ስለተውኩት ነው እንጂ ከሱ በልጬ አይደለም፤ ደግሞስ ቀኑን ሙሉ ዳይፐር ሲቀይርና ሲታጠብ የሚውል እጅ ላይ ምን ሊቀመጥ። የመኪናው መሪ ላይ ግን ተገኘ። የባለቤቴ ሹራብ እጅጌ ላይም ተገኘ። ሽማግሌው ያገኘበትን ሁሉ እያሳየን ይጠርግ ጀመር። ነገርኩት እንጂ ሲታጠብ ቆሜ አላየሁትም፣ ቆሜ ማየት ነበረብኝ አለ። ከዚያ እዚያው የልጃችን ወለል ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ የሚጣን የመመገቢያ ወንበር እግር አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውል አየሁት። ያ ዕድሜ ያጎበጠው ጀርባ! ሄጄ ክንዳቸውን ይዤ ይነሡ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ አልኳቸው። አንቱታቸውን የመለስኩላቸው እዚያ ላይ ነው።

ውጤቱ እስኪመጣ ያሉትን ቀናት እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ሚጣ ምን ታውቃለች? የምሳ ሰዓት ሲደርስ ቀጥ ብላ ወደ አያቷ ትሄዳለች። እሱ ከኩሽናው ርቆ፣ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ፊቱ ትቆምና አፏን ትከፍትለታለች። እሱ ሁለት እጁን ከኋላው ደብቆ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። እሷ ጨዋታ መስሏት ትስቅና ደግሞ ትከፍታለች። ደግሞ ይነቀንቃል። ሦስተኛ ጊዜ ላይ ታለቅሳለች። እኔ ማንኪያ ይዤ ስመጣ ከንፈሯን ግጥም። አንድ ቀን እሷም እያለቀሰች፣ እሱም እያለቀሰ፣ እኔ ከመሐላቸው ማንኪያዬን ይዤ ቆሜ፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ወጡ በረደ። እጁን እየታጠበ እየታጠበ ቆዳው ተላጠ። ሚጣ ብቻ ደህና ትሁን እንጂ ጋራዥ የሚባል ነገር በዓይኔ አላይም አለኝ በመኪና ውስጥ። እኔም ደህና ትሁን እንጂ ዴይኬርም ትግባ አልኩ፤ እንዲያ ስል የኔው ቃል መሆኑን ማመን አቃተኝ።

ዶክተሯ ስትደውል ልጃችን ሥራ ላይ ነበረች። ኮል አደረገችልኝና መጀመሪያ ማልቀሷን ሰማሁ። ኋላ ነው ደስታ መሆኑ የገባኝ። ከክንዷ የተቀዳው ደም ንጹሕ ነው፣ ምንም የለበትም። ታዲያ የመጀመሪያው? ዶክተሯ አስረድታታለች፤ ጣት ሲወጋ ቆዳው ላይ ያለ ብናኝ ከደሙ ጋር ይቀላቀላል፣ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል። እርሳሱ ደሟ ውስጥ አልነበረም፤ ጣቷ ላይ ነበር። ለካ በዚያው ጣቷ ነው የአያቷን እጅ ጨብጣ ቤቱን ስታዞረው የምትውለው። ለባለቤቴ ስነግረው መስኮቱ አጠገብ እንደተቀመጠ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ፤ በእጁ መንካት ፈርቶ።

ሁሉ ወደ ቦታው የሚመለስ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አልተመለሰም። ጋራዡን ተወ። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ በር አንኳኩተው እኔ ነኝ ያነጋገርኳቸው። ማጉረሱንም ተወ፤ ልጅቱ በሹካ ትልመድ አለ። ሚጣ ጥቂት ፓስታ እየለቀመች ትውላለች፣ ክብደቷ ባለበት ቆመ። ሰውዬው ሶፋው ላይ ተመለሰ፣ ፖለቲካው ተመለሰ። ሽንኩርቴ ላይ ግን አልመጣም፤ ቢመጣልኝ በወደድኩ። ደግ ነገር ሁሉ ሲያስፈራው ማየት ከባድ ነው።

ነገሩን የቆረጠችው ልጃችን ናት። አንድ ረቡዕ ማታ ልንሄድ ጫማችንን ስናደርግ፣ ነገ ሐሙስ ነው፣ ለምን አትሄድም አለችው። እሱ መልስ ፍለጋ እኔን አየኝ። እኔም እጅህን መታጠብ መማር እንጂ ሰው መሆንህን መተው የለብህም አልኩት። ትንሽ ከረር አድርጌ ነው ያልኩት፤ ያስፈልገው ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌው ቱታ አዘጋጅተው ጠበቁት፤ ጋራዡ ውስጥ የሚቀር ቱታ፣ እዚያው የሚወልቅ ጫማ። ቧንቧው አጠገብ ደግሞ ወንበር አስቀምጠዋል። አሮጊቷ ሴትዮ እዚያ ላይ ተቀምጠው የሚወጣውን ሁሉ፣ ልጅ አዋቂ ሳይሉ፣ እስከ ክርኑ ሲታጠብ ያያሉ፤ አስተጣጠቡ ያላጠገባቸውን ይመልሱታል። ባለቤቴን ሁለቴ መለሱት አሉ። እኔም ከዚያ ወዲህ ተመልሼ ገብቻለሁ፣ እኔንም መልሰውኛል፤ ሴትዮዋ ፊት ዓይተው አያዳሉም። ምግቤን ደግሞ ሁሉም ታጥቦ ልብሱን ከቀየረ በኋላ ጓሮ ነው የምናቀርበው፤ ሽማግሌው ቀይ ወጥ በእጃቸው ይበላሉ፣ እያላባቸው።

ያን ሐሙስ ግን ገና የመጀመሪያው ነበር። ባለቤቴ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁ እስከ ክርኑ ቀልቶ ገባ። በኪሱ ሽማግሌው ከታጠበ በኋላ እጁን የፈተኑበት ዘንግ አለ፣ ጫፉ ነጭ እንደሆነ። ሚጣ ወንበሯ ላይ ነበረች፣ ትሪው ፊቷ ቀርቧል። እሱ ደፍሮ አልተጠጋም። ልጃችን ከላይ ወርዳ ስትመጣ፣ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ እኛ ልጆች ሆነን ጠዋት ሰልፍ ላይ ጥፍራችን ሲታይ እንደምናደርገው፣ ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ ቆመላት። ያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አገር የሚስል አስተማሪ፣ በልጁ ፊት እንደ ተማሪ።

ልጃችን እጆቹን ይዛ አየቻቸው። ገለበጠቻቸው። የተላጠውን ቆዳ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ዘንጉን ከኪሱ አውጥቶ ሊያሳያት ሲል አልተቀበለችውም። ወንበር ስባ ከሚጣ አጠገብ ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደሱ ቀና አደረገች።

«መጀመሪያ ለእኔ፣ አባዬ» አለችው።

በአማርኛ። ከሕፃንነቷ ወዲህ ከእጁ ጎርሳ አታውቅም፤ ሠርጓ ቀን እንኳ ልብሴ ይበላሻል ብላ ነው የሸሸችው። እንጀራውን ቆረሰ፣ በአልጫ አራሰ፣ ጠቀለለ፤ ግማሹ ትሪው ላይ ተመልሶ ወደቀ። አፏን ከፍታ ጠበቀችው። አጎረሳት። እያላመጠች እጁን አልለቀቀችውም፤ እንደ ደንቡ ሁለተኛውን ደግሞ ጠበቀች።

ሚጣ ተራዋ እንደተወሰደባት ገብቷት ጠረጴዛዋን በመዳፏ እየመታች አፏን ከፈተች።